አንደኛነቱን የሚረከብ ጠፋ

በእኛ አገር ሰው ሲደክመው አያሳርፉትም፤ ዳኛ ያደርጉታል። የፍርድ ቤቱን ማለቴ አይደለም፤ እሱስ ወንበርም ደመወዝም አለው። እኔ የምላችሁ የተጣላ ባልና ሚስት የሚያስታርቀውን፣ የሁለት ጎረቤት ድንበር የሚለየውን፣ ጢሙ ሸበት ስላለ ብቻ "እስቲ አንተ ተናገር" የሚባለውን ምስኪን ነው። ተናግሮ አንዱን ሲያስደስት ሌላውን ያስቀይማል፤ ደክሞት ቤቱ ሲገባም ሚስቱ "ለመሆኑ የራስህን ቤት ማን ይዳኝልህ?" ብላ ትቀበለዋለች። እኔን ይህ ዕጣ የደረሰኝ በሞተር ሰበብ ነው።

ከሚሴ ላይ ሞተር እነዳለሁ። ሰው አፈናጥጬ ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ አደርሳለሁ፤ የሚመለስ ሰው ካገኘሁ እሱን ይዤ፣ ካላገኘሁ አቧራዬን ይዤ እመለሳለሁ። በዚህ ሥራ ስንት ዓመት እንደቆየሁ እኔ ረስቼዋለሁ፤ ወገቤ ግን አልረሳም። አብረውኝ የሚሠሩት ሁሉ ልጆቼ የሚሆኑ ናቸው፤ ጋሽ እንድሪስ ይሉኛል። አነዳዴን ግን አይወዱትም። "ጋሽ እንድሪስ ጋ የተሳፈረ ሰው ስንቅ ይያዝ" ይላሉ፤ እኔም እየሰማሁ እንዳልሰማ አልፋለሁ።

ስለ እንጀራችን ትንሽ ላውጋችሁ። ድሮ ሞተሩ ጥቂት፣ ተሳፋሪው ብዙ ነበር። አሁን ነገሩ ተገላብጧል። ከተማውን ባጃጅ ወስዶታል፤ ለእኛ የቀረን ባጃጅ የማይደፍረው ኮረኮንች ነው። እሱንም ትምህርት ጨርሶ ሥራ ያጣው ወጣት ሁሉ ሞተር እየገዛ ገባበት። ተራ አለን፤ ተራው የሚሠራው ግን ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው። አንዲት እናት ከአውቶቡስ ስትወርድ ዶሮዋን አንዱ፣ ዘንቢሏን ሌላው፣ እሷን ራሷን ሦስተኛው ይዞ ሲሄድ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። "ኢጆሌ! እናንተ ልጆች! ዶሮዬን!" እያለች ስትጮህ አስፋልቱን ተሻገሩ። ሦስቱን አስታርቄ ዶሮዋን ለባለቤቷ እስክመልስ የዚያን ቀን ሥራዬ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ነው ይማም ያን ሐሳብ ያመጣው። ይማም ከመካከላችን ምላሰኛው ነው፤ መናገር ከጀመረ ቤንዚን አይጨርስም። "እንዲህ በመንገድ ላይ ከምንራኮት እንወዳደር" አለ። "ማን ጎበዝ ነጂ እንደሆነ ሕዝቡ በዓይኑ ይየው። ስም ያወጣውን ተሳፋሪው ራሱ ፈልጎ ይመጣለታል፤ ሌላው አርፎ ተራውን ይጠብቅ።" ሒሳቡን አያችሁት? እኔም ስሰማው ልክ መሰለኝ። ዳኛ ሁን ሲሉኝም እሺ አልኩ፤ ቢያንስ ተቀምጬ ነው የምውለው ብዬ።

በጋ ነበር፤ ክረምት ክረምት ረግረግ የሚሆነው ጨፋ ሜዳ ደርቋል። ከብቱ ሣሩን ግጦ የጨረሰበት ለጥ ያለ ቦታ መረጥንና እንቁላል የመሰለ መንገድ በድንጋይ ከበብን። ሕግ አወጣሁ። ድንጋዩን አቋርጦ በውስጥ ማለፍ የለም፣ በእግር መራገጥ የለም፣ አንድ ሰው ከወደቀ ሁሉም ይቆማል። አስፋልት ላይ የትራፊክ ሕግ ማክበር ሞታቸው የሆነ ልጆች እዚያ ባዶ ሜዳ ላይ የእኔን ሕግ አክብረው ዋሉ። እስካሁን ይገርመኛል።

ጀማል የሚባል ልጅ አለ። ዝምተኛ ነው፤ ለእናቱ አንድ ነው። እናቱ አዴ ፋጡማ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌ ነው የምትኖረው፤ ካሏት ሦስት ላሞች ሁለቱን ሸጣ ነው ሞተሩን የገዛችለት። እናትና ልጅ የሚበሉት ከዚያች ሞተር ኮርቻ ላይ ነው። ውድድሩ ተጀምሮ መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ሌሎቹ ፍጥነት ቀነሱ፤ ጀማል አልቀነሰም። ግራ እግሩን መሬት ላይ አስነክቶ የኋላ ጎማውን አንሸራተተው፤ ሞተሩ ወደ ጎን ተጋደመና ልጁ አቧራ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። "ያ ረቢ! አለቀ ልጁ!" አልኩ። ሁሉንም ቀድሞ ከአቧራው ማዶ ብቅ አለ። እስከ መጨረሻው ማንም አልቀደመውም፤ አንድም ሕግ አልጣሰም። እጁን ይዤ ወደ ላይ አነሳሁለት፤ ሕዝቡም በስልኩ ቀረጸው። ጀማል በማግስቱ ሠዓሊ ጠርቶ ቤንዚን ጋኑ ላይ በቀይ ቀለም "አንደኛ" ብሎ አስጻፈበት።

የገበያ ቀን ደረሰ። ጀማል ሞተሩን ወልውሎ ከፊት ቆመ። ዘሀራ የምትባል ቲማቲም ነጋዴ የዘወትር ደንበኛው ናት፤ ቅርጫቷን ይዛ መጣችና ቆም ብላ አየችው። "ጀማልዬ፣ ስታበረው ልጄ በስልክ አሳየችኝ። ሱብሓነላህ! አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቅህ" አለች። ጀማል ኮርቻውን በእጁ ጠረገላት። "እኔ ግን ልጆች አሉኝ" አለችና አልፋው የእኔ ኮርቻ ላይ ወጣች። ከእሷ በኋላ የመጡትም እንደዚያው አደረጉ። አንዷ መርቃው አለፈች፣ አንዷ ጀርባውን መታ መታ አድርጋው አለፈች፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ አብሮት ፎቶ ተነስቶ በሌላ ሞተር ሄደ። ጎበዝ ነጂ መሆኑን አገር ሁሉ አወቀለት፤ ከኋላው የሚቀመጥ ግን ጠፋ።

እኛ ጅሎቹ ለካ የተወዳደርነው ተሳፋሪ ለማባረር ነው። ሰው ሞተር ላይ የሚወጣው ለመድረስ እንጂ ለመደነቅ እንዳልሆነ ከእኛ በላይ ማን ያውቅ ነበር? ዕድሜ ልካችንን "ቀስ በል፣ አደራህን" ሲሉን እየዋልን፣ ይህንን ዘንግተን ሜዳ ወጣን። ጀማል "አንደኛ" የሚለውን በቤንዚን ሲፈትገው አየሁት፤ ቀለሙ ለቀቀ፣ ስሙ ግን አልለቀቀም። አንጀቴን በላው።

ሳምንታት እንዲህ አለፉና አንድ የጫት ነጋዴ በመኪና መጣ። እሱ ቪዲዮውን አይቶ የወደደ ብቸኛው ሰው ነው። ጠዋት የተቆረጠ ጫት ሳይጠወልግ ቆላ መድረስ አለበት፤ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው የሚፈራ ልጅ አይደለም። ከጀማል በፊት ይሠራለት የነበረው ወጣት የት እንደሆነ ልንገራችሁ? መቃብር ነው፤ አላህ ይዘንለት። ጀማልም ይህን ያውቃል። "ሌላ ምን ልብላ፣ ጋሼ?" አለኝ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ገበያው ላይ እንገናኝና ልጀምር ብሎ ለነጋዴው ቃል ሰጠ።

በማግስቱ አዴ ፋጡማ መጣች። የአገራችንን ሰላምታ ታውቁታላችሁ፤ አካም ቡልቴ፣ ከብቱ ደህና፣ ልጆቹ ደህና፣ ዝናቡ ደህና ተብሎ ነው ወደ ነገር የሚገባው። እሷ ሰላምታውን ዘለለችው። "እንድሪስ፣ የልጄን እጅ ያነሳኸው አንተ ነህ። አሁን አውርድልኝ" አለች።

"እንዴት አድርጌ ላውርደው፣ አዴ?"

"እኔ ምን አውቄ! ዳኛው አንተ። ላሞቼን የሸጥኩት ልጄ እንዲበላበት ነው እንጂ ከፈን እንድገዛለት አይደለም።"

ምን ይባላል? ወገቤን ይዤ ተነሳሁ። ሞተረኞቹን ሁሉ ተራችን አጠገብ ባለው ዛፍ ጥላ ሥር ሰበሰብኳቸው፤ አዴ ፋጡማም ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ያሰብኩትን ነገርኳቸው። ጀማል መታጠፊያውን ሲዞር ድንጋዩን በውስጥ ቆርጧል እንላለን፤ አንደኛነቱ ይነጠቃል፤ ወሬው ገበያ ይደርሳል፤ ሴቶቹም ያን ያህል እንኳ አይፈጥንም ብለው ይመለሱለታል። መቼም የደከመው ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው። "ስለዚህ አንደኛ የሚሆነው ሁለተኛ የወጣው ይማም ነው" ብዬ ጨረስኩ።

ይማም እባብ እንደረገጠ ሰው ዘሎ ተነሳ። "እኔ ምን በደልኩህ ጋሼ? ወላሂ አልቀበልም! ኧረ እኔ ሁለተኛ መሆኔም አንድ ሰው አስቀርቶብኛል!"

ሦስተኛ ወደወጣው ወደ ተስፋዬ ዞርኩ። ተስፋዬ አስቀድሞ እጁን ያወዛውዛል። "ጋሼ፣ ሚስቴ አራስ ናት። የፈለጋችሁትን አድርጉኝ፤ አንደኛ ብቻ አታድርጉኝ" አለ። አራተኛው "ሞተሬ ተበላሽቶ ነበር፣ በግፊት ነው የገባሁት" ሲል አምስተኛው ጭራሽ ያን ቀን ሜዳው ላይ አልነበርኩም ብሎ ካደ። ዘመዶቼ፣ በዚህ አገር ሰው ለአንደኛነት ሲጋደል ነው የማውቀው፤ አንደኛነት እንዲህ እንደ ዕዳ ከእጅ እጅ ሲገፋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በመጨረሻ ጀማል ራሱ ተነሳ። "ማንም አይረከበኝ" አለ። ፊቱ ቅጭም ብሏል። "አልቆረጥኩም። ጋሽ እንድሪስም ያውቃል፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ተሳፋሪ ላጣ እችላለሁ፤ ባላደረግኩት ነገር አጭበርባሪ መባልን ግን አልችልም።" ተናግሮ ሲጨርስ እናቱ ወዳለችበት ማየት ፈርቶ ወደ መሬት አየ። እኔ ግን አየኋት። ልትቆጣው የመጣች ሴት ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ ለማንም ሳትል "እውነቱን ነው" አለች። ቀጥላም ልብሷን አራግፋ ተነሳችና "እንግዲያው የገበያ ቀን እኔ እወጣበታለሁ። የገዛ እናቱን ያሳፈረውን አይፈሩትም" ብላ ፈረደች። አዴ ፋጡማ ሞተር ላይ ወጥታ አታውቅም፤ የሚወጣም ሰው ስታይ አዑዙቢላህ ትል ነበር።

የገበያው ዕለት ጠዋት እኔም በሞተሬ ባዶዬን ከቀበሌያቸው ጀምሬ ተከተልኳቸው። መንገዱ በገበያተኛ ተሞልቷል። አዴ ፋጡማ ከቀረችው ላሟ ያወጣችውን ቅቤ ታቅፋ "ቢስሚላህ" ብላ ተቀመጠች፤ በአንድ እጇ የልጇን ጎን ጨምድዳ ያዘች። ገና ሞተሩ ሲነሳ "ሱታ! ሱታ! ቀስ በል አንተ ልጅ!" ብላ ጮኸች። ጀማል ቀስ አለ። "ሱታ አልኩህ!" አሁንም ቀስ አለ። በአንደኛ ማርሽ ከዚያ በታች መሄድ አይቻልም፤ ግራና ቀኝ እግሩን እያስነካ ሄደ። እግረኞቹ ቀደሙን። ቀጥሎ ጤፍ የጫኑት አህዮች ቀደሙን። በእኔ ዝግታ ሲስቅብኝ የኖረ ሁሉ መጥቶ ይህን ባየ አልኩ።

ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ ቅቤው መለስለስ ጀመረ።

"ጀማል፣ እስቲ ትንሽ ፈጠን አድርገው" አለች በለሆሳስ።

"አላደርግም፣ እማ።"

"ገበያው ሊበተን ነው እኮ!"

"ይበተን።"

"ቅቤዬ ቀለጠ! ምን ዓይነት ሞተር ነው ይሄ፣ ታሟል እንዴ?"

"ሱታ ብለሻል፣ ሱታ እየሄድኩ ነው።"

"እንግዲያው አውርደኝ! በእግሬ እደርሳለሁ!" ብላ አወራረዷንም ሳታስተካክል ወረደች። ቅቤዋን ታቅፋ፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብሰብ አድርጋ መንገዱን ተያያዘችው። ጀማል ከኋላዋ እየተከተለ "እማ፣ ተቀመጪ እንጂ! እማ፣ ሰው እያየ ነው!" ይላታል፤ እሷ ወይ ፍንክች። ገበያተኛው በሳቅ ሞተ፤ አንዷ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ እንባዋን ጠረገች። ዘሀራ ከቅርጫቷ ሥር እየሳቀች ሞተሩ አጠገብ ደረሰች፤ ጀማልን አየችው፣ ባዶውን ኮርቻ አየችው። "ወላሂ፣ ለቲማቲም የሚስማማው ይሄ ነው" አለችና ተፈናጠጠች። ጀማል አንገቱን ደፍቶ ቲማቲሟን ይዞ ሄደ። ያን ቀን ሲመላለስ ዋለ፣ ከዚያም ወዲህ እንጀራው ተመልሷል።

የጫት ነጋዴው በቀጠሮው መሠረት መኪናውን አቁሞ እየጠበቀው ነበር። ያ አቧራ ውስጥ ሲበር ያየው ልጅ ከአህዮቹ ኋላ፣ ከቲማቲም ጋር ሲገባ አየና መስኮቱን ዘግቶ ሄደ። ሌላ ልጅ ይፈልጋል፤ ደግሞም አያጣም። ይህንን ሳስበው ድካሜ ይብስብኛል፤ የዚያን ልጅ እናት አላውቃትምና ማን ሄዶ ይነግራታል? አንዱን ግን ፈጣሪ አወጣው፤ አልሐምዱሊላህ።

እነ ይማም አሁንም ሲገናኙ ነገሩን ያነሱታል፤ ለመሆኑ አንደኛነቱ የማን ሆኖ ቀረ ብለው ይጠይቁኛል። እኔ ዳኝነት እርም ብያለሁ፤ ይህችን የመጨረሻ ፍርድ ግን አልከለክላቸውም። አዴ ፋጡማ ሞተሩን ቀድማ ገበያ ገባች፣ ቅቤዋንም ሳይፈስ ሸጠች። አንደኛ እሷ ናት።