የድስት ክዳን የምታህለው በር

(ባረንትስ ባሕር። ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ፣ ቶርፒዶ የተባለው ውኃ ለውኃ ተወንጫፊ ፈንጂ የሚተኮስባቸው ቱቦዎች ያሉበት ክፍል። ልምምድ ነው፤ ከላይ አሳዳጅ መርከብ ልታገኛቸው ጆሮዋን ጥላ ታዳምጣለች። አንጋፋው ተኳሽ ዬርሞላይ ፎሚች የብሎን መፍቻ ይዟል። አዲሱ መርከበኛ ቲኮን ያንሾካሹካል።)

ቲኮን፦ ግን እኮ ፎሚች፣ የቱቦው የውጪ በር የድስት ክዳን የምታህል ናት! ይህን ሁሉ ብረት እንዴት አድርጋ ታዘገየዋለች?

ዬርሞላይ፦ አይ የገጠር ልጅ! ታዘገየዋለች አልኩህ፣ ታዘገየዋለች! (ቱቦውን በመፍቻው ኳ! ያደርገዋል) የውጪው በር ሲዘጋ የመርከቧ አፍንጫ ልሙጥ ነው፤ ውኃው ሸርተት ብሎ ያልፋል። ሲከፈትስ?

ቲኮን፦ ፎሚች፣ ይቅርታ...

ዬርሞላይ፦ አታቋርጠኝ! ሲከፈት ጉድጓድ ነው። ውኃው ይገባል፣ ይሽከረከራል፣ ወደኋላ ይጎትታል። ካፖርትህን ሳትቆልፍ በነፋስ ሮጠህ አታውቅም?

ቲኮን፦ አውቃለሁ። እናቴ ትቆጣኝ ነበር።

ዬርሞላይ፦ እሷ ናት አዋቂ! ፍጥነቱስ ይቅር፣ ጉዱ ድምፁ ነው። ባዶ ጠርሙስ አፉ ላይ እፍ ሲሉበት ምን ይላል?

ቲኮን፦ ጠርሙስ ባዶ የሚያደርጉት እርስዎ፤ እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ።

ዬርሞላይ፦ ምላስህ ረዘመ! ኡኡኡ ይላል! (ኳ! ኳ!) ለዚህ ነው አዛዡ ሊተኩስ ሲል መጀመሪያ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ቀስ አድርጎ የሚያስከፍተው። እነዚያ ከላይ ያሉት ዝንብ ስታስነጥስ ይሰማሉ።

ቲኮን፦ (መፍቻውን እያየ) እኔም ልልዎት የፈለግሁት እሱኑ ነው፤ እጅዎ ላይ...

ዬርሞላይ፦ እጄማ ወርቅ ነው! ቅድም በሩን ስከፍት ሰማህ?

ቲኮን፦ እሱንስ አልሰማሁም፣ ግን...

ዬርሞላይ፦ ግን ብሎ ነገር የለም! ሳይሰሙን ከተመለስን የአሳማ ግልገል ጥብስ ይሸልሙናል፤ የሰርጓጅ መርከበኛ ወግ ነው። ቅዳሜ ልጄን እድራለሁ። ግልገሉን ይዤ እመጣለሁ ብዬ በሙሽራው ቤተሰብ ፊት ደረቴን ነፍቻለሁ። ባዶ እጄን ከምሄድ መሬት ተሰንጥቃ ትዋጠኝ! በሩን እንዴት ነው የምንከፍተው?

ቲኮን፦ ቀስ... ብለን።

ዬርሞላይ፦ ቀስ! (ኳ!) ብለን! (ኳ!) ያለ! (ኳ!) ድምፅ! (ኳ!)

የአዛዡ ድምፅ፦ (በመነጋገሪያው) ፊተኛው ክፍል! ተሰምተናል። ከአሳዳጇ መልእክት መጥቷል።

ዬርሞላይ፦ ወይኔ ልጄ! በሩ ነው አይደል?

የአዛዡ ድምፅ፦ በሩንስ አልሰማነውም ብለዋል። «አናጢያችሁ መቼ ነው የሚጨርሰው?» ነው የሚሉት።

(ዬርሞላይ እጁ ላይ ያለውን መፍቻ ያያል።)

ቲኮን፦ (ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ) ካወቁብንማ እንግዲህ ልጩኸው። ፎሚች! መፍቻውን ያስቀምጡት ልልዎት ነበር እኮ!