እመት ቀስ በቀስ

በየመሥሪያ ቤቱ አንዲት አትጠፋም፤ ሳትሮጥ የምትቀድም፣ ሳትደክም የምትጨርስ፣ ሰው ሁሉ «ነገ» ሲል ትናንት ጀምራ የምትገኝ ሴት። በዚህ ትምህርት ቤት ያለችው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናት። «ክብርት እመት ቀስ በቀስ» ብላ ስም ያወጣችላት የጂኦግራፊ መምህርቷ ናት፤ ያወጣችውም ከፍቅር ሳይሆን ከቅናት ነው።

መምህርቷ የማስተርስ ጽሑፏን ከጀመረች አራት ዓመት ሆናት። ጀመረች ማለትም ይከብዳል፤ ርዕሱን ሦስት ጊዜ ቀይራ፣ ከሥሩ አስምራ፣ «ትምህርት ሲዘጋ ቁጭ ብዬ እጨርሰዋለሁ» እንዳለች ነው። ትምህርት ይዘጋል፤ ቁጭ ማለቱም አይቀርም፤ የሚቀረው መጻፉ ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካላስገባሽ ስምሽ ይሰረዛል ብሏታል።

እመት ቀስ በቀስ በየጠዋቱ፣ ኮቷን ሰቅላ ገና ሳትቀመጥ፣ አንድ የተቀደደ ገጽ ትለጥፋለች። አንድ ብቻ። «ሁለተኛውስ?» ሲሏት «እሱ የነገ ነው» ትላለች። እንዲህ እያለች ለመጣል የተፈረደባቸውን ሁለት መደርደሪያ መጻሕፍት አዳነች። ሻይ እስኪፈላ ሁለት ሁለት ቃል እያጠናች ፈረንሳይኛ ለመደች፤ እንግዶች መጥተው በቋንቋቸው ስታስተናግዳቸው የመምህርቷ አንጀት አረረ። ጉንፋን የያዛት ዕለት መምህርቷ «ዛሬስ ትዘላለች» ብላ ልታይ ብትሄድ፣ በአንድ እጇ መሐረብ፣ በሌላው ሙጫ ይዛ አገኘቻት።

«አይሰለችሽም?»

«ሳይሰለቸኝ ያልቃላ፣ እህቴ።»

ይቺ «እህቴ» በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነችባት።

አንድ ሰኞ ቤተ መጻሕፍቱ ተዘግቶ ዋለ። እመት ቀስ በቀስ የሐሞት ጠጠር ልታስወጣ ሆስፒታል ገብታለች፤ ሁለት ሳምንት አትመጣም ተባለ። መምህርቷ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ደስ አላት።

ማክሰኞ ግን ደስታው አልበረከተላትም። ቁልፉን ከዘበኛው ተቀብላ ገባች፤ ለምን እንደገባች ለራሷም አልነገረችም። አንድ ገጽ ለጠፈች። ጠመመ። ረቡዕ ሌላ። ሐሙስ ሙጫው እስኪደርቅ እጇ ሥራ ቢፈታ ለጽሑፏ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፈች። ለዛ ቢስ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ቢሆንም በአራት ዓመት የመጀመሪያው ነው። ዓርብ ሁለተኛው ተከተለ።

እመት ቀስ በቀስ ሆዷን በእጇ ደግፋ ስትመለስ የተለጠፉትን ገጾች አንድ በአንድ አየች።

«ማን ለጠፋቸው?»

«እኔ።»

«ጠማማ ናቸው።» ደግማ ቆጠረች። «ዘጠኝ። ሰኞን ምነው ዘለልሽው?»

መምህርቷ አንገቷን ደፋች። «ሰኞማ ታመመች ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት።»

«አታስቂኝ፣ ስፌቱ ይፈታል» አለች እመት ቀስ በቀስ፣ ሆዷን ይዛ እየሳቀች።

«ላስተካክላቸው?»

«ተያቸው። የማን እጅ እንደሆነ ይታወቅ።»

ጽሑፉ ቀኑ ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው ገባ። ቅናቱ ግን መምህርቷን እስከዛሬ አልለቀቃትም፤ ብቻ አሁን የምትቀናው፣ ሌላ ሰው ከእመት ቀስ በቀስ ጋር ሻይ ሲጠጣ ስታይ ነው።