የቅድመ አያቴ ዱቄት

ሰው ምሳሌ ሲነገረው ዝም ብሎ አይቀበልም፤ «መነሻው ምንድን ነው?» ይላል። ቢቸና ላይ ይህን የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ያስተማርኩ ሰው አላውቅም ብል ያሳፍራል። ደግሞስ ማንም ባላየው ነገር ማን ይከራከረኛል? ስለዚህ እኔ ዘንድ መነሻ ያጣ ምሳሌ የለም።

ዘንድሮ የእህቴ ልጅ ጌታሁን የሞጣ ልጅ ወደደና ለሽምግልና ተላክን። ተናጋሪው የደብራችን መሪጌታ ናቸው፤ እኔ አጃቢ። የአጃቢ ሥራ ቀላል ነው፤ ቆሞ ዝም ማለት፣ ተቀመጡ ሲባልም ተቀምጦ ዝም ማለት። ልጁ ከእሷ ሌላ አላገባም ብሎ እናቱን አስጨንቋታልና እህቴ ስትሸኘኝ «ወንድምዬ፣ በሞቴ፣ አፍህን ያዝልኝ» ብላኛለች።

የልጅቷ አባት አያ ሙሉነህ እንደ ወጉ አቁመው አቁመው አስቀመጡን። መሪጌታ ጉዳዩን ሲያቀርቡላቸው አባትየው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እስቲ እንማከርበት» አሉ። አትጣደፉ ማለታቸው እንጂ እምቢታ አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የልጁን ክብር ያቀልላል። ቀጠሮ ተቀብሎ መሄድ ነበር። ግን ምሳሌ ሰምቼ እንዴት ዝም ልበል? ምላሴን በላኝ።

የዚህ ምሳሌ ባለቤት እኮ ቅድመ አያቴ ናት አልኩ! ለሞጣ ክብር ስል ሞጣ አስወለድኳት፤ ቢቸና ዳርኳት፤ ለአማቷ ድግስ ስትጣደፍ ዱቄቱን ደጅ ላይ አስደፋኋት። መሪጌታ በከዘራቸው እግሬን ወጋ አደረጉኝ። ምን ዋጋ አለው፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ።

አያ ሙሉነህ ቀና ብለው ሞጣ የት ላይ እንደተወለደች ጠየቁኝ። ከወንዙ ማዶ አልኩ። ለካ ከወንዙ ማዶ ያለው ሰው ሁሉ የእሳቸው አጥንት ነው! «እንግዲያ ዘመድ ነና!» ብለው ተነስተው አገላብጠው ሳሙኝ። ከዚያ ጣታቸውን እያጠፉ ዘር ይቆጥሩ ጀመር። በእኛ አገር ሰባት ቤት ካልሞላ ጋብቻ የለም። ቆጠሩ፣ ቆጠሩ፤ አልሞላም። «ወይ ነዶ! ልጆቹ እኮ እህትና ወንድም ናቸው» አሉ። ከጓዳ ልጅቷ ስትንሰቀሰቅ ተሰማ።

እህቴን በምን ዓይኔ ላያት ነው? ወይ ስሜ፣ ወይ ጌታሁን፤ አንዱ መቅረቱ ነው! ብድግ አልኩና ቅድመ አያቴ ሞጣን በዓይኗ አይታ እንደማታውቅ፣ ዱቄት መድፋቷንም ማንም እንዳልነገረኝ ተናዘዝኩ። መሪጌታ መሬት መሬት ያዩ ነበር። አያ ሙሉነህ ዘር የቆጠሩበትን ጣት ዘረጉና «መምህር፣ ያፈሰሱትን እዚሁ ለቀሙት፤ ደግ አደረጉ» ብለው ቀጠሮ ሰጡን።

ልጅቷም ተዳረች፤ እህቴም አረፈች። ሞጣ ላይ ግን አሁን አንዱን ሰጥቶ ሌላውን የወሰደ ሰው ሲያዩ «እንደ ቢቸናው ሽማግሌ፣ ቅድመ አያቱን መልሶ ሙሽራ ወሰደ» ይላሉ አሉ።

በቀደም አንድ ጎረቤቴ ይህንኑ ከሞጣ ገበያ ሰምቶ መጣና መነሻውን ጠየቀኝ። በዕድሜዬ መነሻውን በእርግጠኝነት የማውቀው ምሳሌ ይኸው አንድ ብቻ ነው።

«አላውቅም» አልኩት።