አሁን የታጠበ እጅ

ዘርፈሽዋል እጇን እየጠረገች ነው። መጀመሪያ በመሀረብ፣ ቀጥሎ በቀሚሷ ጎን፣ በመጨረሻ ማንም አያየኝም ብላ በወንበሩ ጨርቅ። ከዚያ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው እፍ እፍ ትልበታለች። ፒያኖው ላይ ታሳርፈዋለች፣ ታነሳዋለች፣ እንደገና ትጠርገዋለች።

በየከተማው ሁልጊዜ እጁን አሁን የታጠበ ሰው አይጠፋም። ታውቁታላችሁ። ሰላም ልትሉት እጃችሁን ስትዘረጉ መዳፉን አጥፎ የእጁን አንጓ ያቀብላችኋል። "ይቅርታ፣ አሁን ነው የታጠብኩት" ይላል። ከማዕድ የተነሳ ወይም ሊጥ ሲያቦካ የነበረ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ወግ ነው። ይኼኛው ግን ከባጃጅ ሲወርድም፣ ለቅሶ ቤት ሲገባም፣ ባንክ ወረፋ ላይ ቆሞም አሁን ነው የታጠበው።

የቡታጅራ ሰዎች የራሳችን አለችን፤ ክብርት መምህርት ዘርፈሽዋል። ቀን አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ከሥራ በኋላ ደግሞ በወጣቶች ማዕከሉ አዳራሽ፣ በልጅነታችን ፊደል ያልቆጠርነውን ትልልቅ ሰዎች ሰብስባ ታስቆጥራለች። ሰላምታዋ ሁሌ በአንጓ ስለሆነ፣ በከተማው ከእሷ የነጻ ሰው የለም ብሎ የሚያምን ብዙ ነው።

እውነቱን ለመናገር መዳፏን ያልባታል። ክረምት ነው በጋ ነው አይልም። አትታመምም፣ ፈሪም አይደለችም፤ እጇ ብቻ እሷን ሳያማክር የራሱን ዝናብ ያዘንባል።

አዳራሹ ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ፒያኖ አለ። ልጆች ያስተምርበት የነበረው ሰው ሥራ ቀይሮ ከሄደ ወዲህ እኛ ነጠላና ዘንቢል እናስቀምጥበት ነበር። አንድ ቀን የማዕከሉ ኃላፊ አቶ አብዱልሃፊዝ መጥተው፣ ማንም የማይጫወትበት ፒያኖ ቁም ሣጥን ነው፣ ጎረቤታችን ወልቂጤ ያሉ ወጣቶች አጥብቀው ጠይቀውናል፣ ከዓመቱ መዝጊያ በዓል በኋላ ተጭኖ ይሄዳል አሉን። ወልቂጤ ሲባል ክፍሉ ተንጫጫ። እስከዚያ ቀን ስለ ፒያኖው አንድ ቃል ተናግረን የማናውቅ ሰዎች ለካ ነፍሳችን እስኪወጣ እንወደው ኖሯል።

ዘርፈሽዋል አልተንጫጫችም። በበዓሉ ቀን የሚጫወትበት ሰው ቢገኝስ ብላ ጠየቀች። ከተገኘማ እዚሁ ይቀራል አሉ። ከሄደው አስተማሪ ጎን እየቆመች ጥቂት ለቃቅማ ነበር። ከአንደኛ ክፍሏም የፒያኖ ትምህርት ጀምረው የተቋረጠባቸው ልጆች አሉ፤ በመስኮት በኩል ፒያኖውን አይተው ሲሄዱ ታያቸዋለች።

"እኔ እጫወታለሁ" አለች።

እጇ ግን አልተስማማም። ጣቷ ከታሰበለት ቁልፍ ተንሸራቶ ጎረቤት ቤት ይገባል። ምክር የማይሰጥ ሰው ጠፋ። ሎሚ ቀቢ አሏት፣ ቀባች። ቁልፎቹ ተጣበቁ፤ አንዱን ስትነካ ሌሎቹ ለቅሶ እንደሚሄዱ ዘመዶች ተያይዘው ይከተላሉ። አንድ ሙሉ ቀን በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውል ዋለች። "ገና አልጨረስኩም" አለች። ቀጥሎ፣ አስተማሪ ናትና፣ ወደ ጠመኔ ሄደች። ጠመኔና ላብ ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ ግድግዳ የለሰነ ሰው ያውቃል። ከቁልፎቹ መሀል በክብሪት እንጨት እየፈለፈለች አሁንም "ገና አልጨረስኩም" አለች። ይህን ቃል እንደ ዛቻ አትለውም። ሰዓት ለጠየቃት እንደምትመልስ አድርጋ ነው የምትለው።

የአሚኔ ቀን መጣ። አሚኔ የክፍላችን ተማሪ ናት፤ ገበያ ውስጥ የመስቃን በርበሬ ትሸጣለች። "አብሽሪ ቲቸር" ብላ ከዘንቢሏ የታጠፈ ጨርቅ አውጥታ ሰጠቻት። ደረቅ፣ ለስላሳ፣ ላብ የሚመጥ ጨርቅ ነው። በርበሬ ሲቀነጠስ ከሥር የምታነጥፈው ጨርቅ መሆኑን አሚኔ አላሰበችውም፤ ሌሎቻችንም አልሸተተንም። በበርበሬ ወራት እኛ ከተማ በርበሬ የሚሸተው ለእንግዳ ብቻ ነው።

ክብርት መምህርት እጇን ጠረገች። እጇ ደረቀ። ደስ ብሏት ግንባሯን ጠረገች፣ ዓይኗንም አሸት አደረገች። ከዚያ የሆነውን አልነግራችሁም። ግን አላቆመችም። እንባዋ በአገጯ እየወረደ፣ አፍንጫዋን እየሳበች የምትለማመደውን ዘፈን እስከ መጨረሻው ወሰደችው። በዚህ መሀል አቶ አብዱልሃፊዝ በር ላይ ቆመው ኖሯል። "ማሻአላህ" አሉ በቀስታ፣ "ይቺ ልጅ እኮ ከአንጀቷ ነው የምትጫወተው።" እኛም ከአንጀቷ ነው አልን። አሚኔ መሬት መሬት ታያለች።

በማግስቱ ዓይኗ እንዳበጠ መጣችና ያንኑ ዘፈን ጀመረች። እዚህ ሰርግ ላይ ሲዜም ያደግንበት የጉራጌ ዜማ ነው። ጭብጨባው የሚገባበት ቦታ ሲደርስ የአሚኔ እጅ አልቻለም። አጨበጨበች። ያ ዜማ እዚያ ቦታ ደርሶ እጁን የሚያጣጥፍ ጉራጌ የት ተገኝቶ? ክፍሉ በሙሉ ተከተላት። ዘርፈሽዋል ተናዳ እጇን አነሳችና፣ እኛ እስክንጨርስ ቀሚሷ ላይ ስትጠርግ ቆየች። ዝም ስንል ቀጠለች። ጣቷ አልተንሸራተተም።

እጇን አየች። እኛን አየች።

"እንደገና" አለች። "እዚያው ቦታ ላይ አጨብጭቡልኝ። እኔ እስክመለስ እንዳታቆሙ።"

ከዚያ ወዲያ የቤት ሥራችን ጭብጨባ ሆነ። ፊደሉ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረብን።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ሞልቶ በመስኮትም የሚያይ ነበር። ጭኗ ላይ ከቀሚሷ ጋር ቀለሙ የሚመሳሰል ፎጣ አንጥፋለች። ትጫወታለች፤ ጭብጨባው ሲመጣ እጇን ዝቅ አድርጋ ትጠርጋለች፤ ትመለሳለች። እንግዳው ሁሉ እጇን የምታነሳው አዳራሹን ለማስጨብጨብ መሰለው። የመጨረሻው ዙር ላይ ግን እንግዶቹ ደከማቸው መሰል ቀድመው አቆሙ። እሷ ገና ግራ እጇን አልጠረገችም። አዳራሹ ዝም አለ፤ አንገቷ ድርቅ ሲል ከኋላ ታየኝ። ይኼኔ አሚኔ ብቻዋን ብድግ ብላ ማጨብጨቧን ቀጠለች፤ እልልታም ጨመረችበት። እኛም ተነሳን፣ እንግዶቹም ተነሱ። ዘርፈሽዋል ግራ እጇን ተረጋግታ ጠረገች፣ ቀኟንም ደገመችው፣ ተመለሰችና ዘፈኑን ዘጋችው።

አቶ አብዱልሃፊዝ እዚያው ቆመው ወልቂጤ ደወሉ። ቁም ሣጥኑ ሰው ገብቶበታል፣ ሌላ ፈልጉ አሏቸው።

ሰው ተሰልፎ እንኳን ደስ አለሽ አላት። ለሁሉም አንጓዋን ሰጠች። ከሰልፉ መጨረሻ እኔ ደረስኩ።

"ይቅርታ እማማ፣ አሁን ነው የታጠ..."

አንጓዋን አልፌ መዳፏን ያዝኩት። እርጥብ ነው። ልትነጥቀኝ ሳብ አደረገች፤ አልለቀቅኳትም። እኔ ይህን መዳፍ ከድሮም አውቀዋለሁ። ፊደል ስጀምር እርሳሱ አልያዝ ብሎኝ ሳፍር፣ ከላይ እጄን ሸፍኖ የመጀመሪያዋን ሀ ያጻፈኝ እሱ ነው። ወረቀቱ ረጥቦ ፊደሏ ደብዝዛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሀ ጽፌያለሁ፤ የዚያችን ያህል ያማረችኝ የለችም።

"እርጥብ ነው እኮ" አለችኝ።

"ይሁን" አልኳት።

እንግዲህ ቡታጅራ ከመጣችሁ ወደ ማዕከሉ ጎራ በሉ፤ ልጆቹን ፒያኖ ስታስተምር ታገኟታላችሁ። አንጓዋን ትዘረጋላችኋለች፤ አሁን ነው የታጠብኩት ትላችኋለች። እባካችሁ አንጓውን እለፉትና መዳፏን ያዙልኝ። ቶሎም አትልቀቋት።