ግንባር ፈላጊው ሸላሚ

ሸላሚ ሰው ታውቃላችሁ? ዘፈን ሲሰማ ኪሱን የሚያሳክከው፣ ብሩን ግን ሰው ግንባር ላይ ካልለጠፈ የሰጠ የማይመስለው? የእኛው ሸላሚ እዚህ በስደት፣ ጀፕ በሚባለው የሐበሻ ገበያ፣ ከእኔ ሱቅ ጎን ብርድ ልብስ የሚያከፋፍለው ጋሽ ኤርጫፎ ነው።

ኮሮናው ትንሽ ጋብ ሲል ልጁ ሜሮን ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ጋር ለቲቤት ስደተኛ ልጆች ትምህርት ቤት ገቢ ማሰባሰቢያ የቲቤት ሙዚቃና ጭፈራ አዘጋጅታ ጠራችን። በር ላይ የመዋጮ ሳጥን ተቀምጧል። ወንበሮቹ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀዋል። የአዳራሹ ኃላፊ ደግሞ አንድ ሰው ማስኩን ካወለቀ ዝግጅቱን እዘጋለሁ ብሏል።

እጅጌው ከእጁ አልፎ መሬት የሚጠርግ ጨፋሪ ወጣ። ገና ሁለቴ ሲሽከረከር ጋሽ ኤርጫፎ ብድግ አለ፤ መቶ ራንድ አወጣና ማስኩን ዝቅ አድርጎ በምራቁ አራሰው። አስቡት፣ በዚያ ዘመን፣ በምራቅ።

«አባዬ፣ ፕሊስ ተቀመጥ፤ ይዘጉብናል» አለች ሜሮን፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«ታዲያ ሰውየው እንዲህ ለፍቶ ባዶ ግንባሩን ይሂድ?»

ኃላፊው መብራቱን ሊያጠፋ ተነሳ። ጨፋሪው ግን ከመድረኩ ሳይወርድ ያን ረጅም እጅጌውን ዘረጋ። ጋሽ ኤርጫፎ ትንሽ አሰበ፤ ማስኩን መለሰና ብሩን እጅጌው ጫፍ ላይ ለጠፈ። ኃላፊው ርቀቱን በዓይኑ ለካ፤ ሁለት ሜትር ሞላለትና ተመልሶ ተቀመጠ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ሰው ሁሉ ተራርቆ ለእጅጌው ተሰለፈ።

እኔ ሃምሳ ራንዴን ስገባ ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ነበር። ማን አየልኝ? ሌላ ሃምሳ ይዤ ተሰለፍኩ።