የልጄን ልጅ የሚጥላት ኬሚስትሪ

መስከረም ላይ እግዚአብሔርን የሚያስታውስ ተማሪ አይቼ አላውቅም፤ ሰኔ ላይ ደግሞ የሚረሳው የለም። እናንተም ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ዓመቱን ሙሉ "ተነሽ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ" ስትሏት እግሯን የሚያማት ልጅ፣ ፈተና ሲቃረብ ከቄሱ ቀድማ ደጀ ሰላም ትገኛለች። እግሯም ይድናል...

እኔ እንግዲህ ቤቴ እግሬ ነው። ጥቂት ወር ባምባሲ ወንዱ ልጄ ጋ፣ ጥቂት ወር አሶሳ ሴቷ ልጄ ጋ እያልኩ እዞራለሁ። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የተማሪ ቤት ደጃፍ የረገጥኩት ልጅ ላደርስ ብቻ። ዘንድሮ ሴቷ ልጄን ሸርቆሌ ክሊኒክ ሥራ ያዛትና፣ "እማዬ፣ ትዕግሥት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አለባት፤ እስክትፈተን አደራ" ብላ ቤቷንና ልጇን አስረክባኝ ሄደች። አደራ ከባድ ነው። ልጅቱ ካላለፈች ዩኒቨርሲቲ የለም፤ ዩኒቨርሲቲ ከሌለ ደግሞ ጥፋቱ የማን ነው? የአያት።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ከመጋረጃው ማዶ ትዕግሥት ሥዕሉ ፊት ተንበርክካ ስታለቅስ ሰማኋት።

"ጌታዬ፣ ሌላውን እችለዋለሁ። ኬሚስትሪ እንዳይጥለኝ ብቻ ጠብቀኝ። አምናም ጥሎኛል፤ ዘንድሮም ሁለቴ ጥሎኛል።"

ክው አልኩ። ተማሪ ይወድቃል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ትምህርት ራሱ ተነሥቶ ሰው ይጥላል ሲባል ግን የት አውቄ? እኔ የማውቀው የሚጥል ነገር ሌላ ነው። የሚጥል በሽታ አለ። የሚጥል ዛር አለ። ወሎ ሳለን አንዷን ጎረቤታችንን ወንዝ ዳር የጣላት ነገር ነበር፤ ስሙን ለመናገር ራሱ ሰባት ቀን ፈጅቷል። ይሄኛውስ ሳይጠየቅ በልጅቱ አፍ ስሙን መናገሩ ደግ ነው አልኩ።

ቢሆንም ልጠይቅ ብዬ ለጎረቤቴ ለሐዋ በአጥሩ በኩል ሹክ አልኳት። ሐዋ የበርታ ሰው ናት። አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔም በእሷ ቋንቋ ከሰላምታ አላልፍምና አንተዛዘብም።

"ሐዋ፣ ኬሚስትሪ የሚባል ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። የኔ ፋጡማንም ጣለው።"

"ፋጡማን?"

"ሁለት ጊዜ ጣለው። ወላሂ እማማ፣ አለቀሰ አለቀሰ፣ እህል እምቢ አለ።"

"ታዲያ ምን አደረጋችሁ?"

"ምን እናደርጋለን? አግብቶ ኩርሙክ ሄደ።"

በቃ። ነገሩ ሰፈር ውስጥ ገብቷል፤ ሃይማኖትም አይመርጥም። ካላባረሩት ልጅ ሱዳን ጠረፍ ኩርሙክ ድረስ የሚሰድድ ነው።

ቤት ተመልሼ ትዕግሥትን ጠራኋት። "የሚጥልሽን ነገር ሰምቻለሁ። ሰባት ቀን ጠበል እንገባለን።"

"ጠበል ለኬሚስትሪ ይሆናል እንዴ እማምዬ?"

"የማይሆንለት የለም።"

ደስታዋን ብታዩ... ሰባት ቀን ጠበል ማለት ሰባት ቀን መጽሐፍ አለመግለጥ መሆኑ ለእሷ ገብቷታል፤ ለእኔ አልገባኝም። መጽሐፉን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋችና እርሳሷንና ላጲሷን "ይረጩልኝ" ብላ ያዘች።

ጠበሉ ቦታ ስንደርስ አጥማቂው አባ መስቀላቸውን ይዘው መጡ።

"ምን ሆና ነው እናቴ?"

"ይጥላታል አባታችን።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ" አለች ትዕግሥት ከነጠላዋ ውስጥ።

"መቼ መቼ ነው የሚነሣባት?"

"ሚድና ፋይናል ላይ።"

እኔ ሚድና ፋይናልን ከድንበር ማዶ የሚከበር በዓል አድርጌ ወሰድኳቸው።

"ስሙን ተናግሯል?" አሉኝ አባ።

"ተናግሯል። ኬሚስትሪ ነው።"

አባ አፋቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ። ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ ጸሎት መስሎኝ አሜን አልኩ።

"እናቴ፣ ይሄን እኔም አውቀዋለሁ" አሉ በመጨረሻ። "እኔንም ጥሎኛል።"

"እርስዎንም?"

"ተማሪ ሳለሁ። ትምህርት እኮ ነው እናቴ። መጽሐፌን ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ሱባኤ ገባሁ። እግዚአብሔር ያጠኑትን ያስታውሳል፤ እኔን ምኑን ያስታውሰኝ?" ወደ ትዕግሥት ዞሩ። "መጽሐፍሽ የት አለ?"

"አልጋ ሥር።"

"እርሳሱን ጠበል ልታስረጪ አመጣሽው፣ መጽሐፉ ግን አልጋ ሥር?"

ልጅቱ ነጠላዋን ይበልጥ ተከናነበች። እኔም የምከናነበው ፈለግሁ። ትምህርት መሆኑን ሁሉም ሲያውቅ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄ ነው።

አባ ፈረዱብን። ሰባቱ ቀን አይቀርም፤ ጠዋት ጸሎትና ጠበል፣ ከዚያ እስከ ስድስት ሰዓት ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ጥናት። ጠባቂዋ እኔ።

በማግስቱ መጽሐፉን እኔ ያዝኩ፤ ትዕግሥት ጮክ ብላ በቃሏ ትጠራለች። "ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም፣ ቤሪሊየም..." በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ ትሳሳት አትሳሳት እኔ አላውቅም። ካመነታች ግን በዱላዬ መሬቱን መታ አደርጋለሁ። "አትደብቂ፤ ሁሉንም ጥሪ።"

አጠገባችን የነበረች ጠበልተኛ ነጠላዋን ሰብስባ ራቅ አለች።

"ስንት ናቸው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"መቶ ምናምን ናቸው አሉ።"

አማተበች። "ተመስገን፣ የኔስ አንድ ነው።"

በሦስተኛው ቀን ትዕግሥት "ፎስፈረስ፣ ሰልፈር" ስትል አንድ ሰውዬ ከነጀሪካኑ ሊያጠምቃት ተነሣ። በአምስተኛው ቀን ማንጎው ሥር ከእኛ በቀር ሰው የለም፤ እንዲያ ያለ ጸጥታ ቤተ መጻሕፍትም አይገኝ። በሰባተኛው ቀን አንዱንም ሳትዘል ጠርታ ስትጨርስ፣ ያቺ ሴትዮ ከሩቅ እልል አለች። ሁሉም ወጡላት ብላ ነው።

ፈተናው ደረሰ። ተፈታኞቹ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲገቡ እስከ በሩ ሸኘኋት።

"እማምዬ፣ ጸልዪልኝ።"

"እጸልያለሁ። አንቺ ደግሞ ጥያቄውን ሁለቴ አንብቢ። እግዚአብሔር ልብን ያያል፤ ማረሚያው ማሽን ግን የሚያየው ያጠቆርሻትን ክብ ብቻ ነው አሉ።"

አለፈች። በኬሚስትሪ የሚያስፎክር አላመጣችም፤ ግን አለፈች። እናቷ ከሸርቆሌ ደውላ ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ፤ አደራዬ ከትከሻዬ ወረደ።

አሁን የሰፈሩ እናት ሁሉ "ያ ጠበል የቱ ነው?" እያለ ይመጣብኛል። ጠበሉን አልደብቅም፤ መንገዱን አሳያለሁ። "መጽሐፍ ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ እስከ ስድስት ሰዓት ማጥናት አለ" ስላቸው ይቀየሙኛል።

"እሱንማ ቤታችንም ብንሆን መች አቃተን" ብለው ይመለሳሉ።