ጉልበት ብቻ የሚያይ ሐኪም

ሰውን ቆራርጦ የሚያይ ሐኪም አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን መካነ ኢየሱስ ጤና ጣቢያ ውስጥ አጋጥሞኛል። የጉልበት ሕክምና ሠልጥኖ የመጣው ወጣት ሐኪም ጎረቤቴን ጥሩነሽን፣ «እማማ፣ ብድግ ቁጭ ይበሉ» አላት። እሷም እንደ ንስሐ ስግደት ቆጥራው ከንፈሯ እስኪጠቁር ቀጠለች።

«ተይ እንጂ» ብላት፣ «ሳልጨርስ አታስቁሚኝ» አለችኝ።

«ልጄ፣ ልቧ እኮ ደካማ ነው» አልኩት።

«እማማ፣ እኔ የሠለጠንኩት ለጉልበት ነው።»

«እንግዲያው ጓድ ሐኪም፣ ጉልበቷን እዚህ ልተውልህና እሷን ይዣት ልሂድ?»

ደንግጦ አስቀመጣት፤ ልቧን አዳመጠ፤ ተቀምጣ እግሯን ቀስ እያለች እንድታነሳ አዘዘላት።

አሁን ስለ ልብና ስለ ስኳር ሳይጠይቅ ጉልበት አይነካም። ወረፋ አስረዘመችብን እያሉ የሚያጉረመርሙብኝ አሉ። ያጉረምርሙ፤ ተራቸው ሲደርስ እነሱም ሙሉ ሰው ሆነው ይታያሉ።